ዝም ያለችው መኪና

መኪናዋ ወደ ግቢው የገባችው ሕልም ወደ ሰው እንደሚገባው ነው፤ ማንም ሳይሰማት። አስካለማርያም በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ቀና ስትል አንድ ነጭ ነገር ከበሩ እስከ ውሃ ታንከሩ ድረስ ተንሳፍፎ መጥቶ ቆሟል። ሞተር አልጮኸም፣ ጭስ አልሸተተም፣ ታንከሩ ሥር የተኛው ድመት እንኳ ጆሮውን አላቆመም። ባሏ በዛብህ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ እንደ ልጅ ይስቃል። መርቂያት እንጂ አላት። እሷ ግን መጀመሪያ የመጣላት ምርቃት አልነበረም። ይቺ ነገር ከሰው ኋላ ብትመጣ ሰው በምን ይሰማታል የሚል ነበር። ጥያቄውን ዋጥ አድርጋ፣ እጇን በቀሚሷ አብሳ መረቀች።

አስካለማርያም እንዲህ ናት። ስልክ ሲጮህ መርዶ ነው ብላ ትነሳለች። ስልኩ ሳይጮህ ከዋለ ደግሞ መርዶውን የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ ነው ትላለች። ልጇ ራኬብ ተማሪ በነበረች ጊዜ ዝናብ ጥሎ ትንሽ ካመሸች፣ አስካለማርያም ልጇን ልትቀበል የምትወጣው ጃንጥላ ይዛ ሳይሆን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው እያሉ ጎረቤቶቿ ይስቁባት ነበር። ራኬብ አድጋ፣ አግብታ፣ አየር ጤና ቤት ይዛ እንኳ ያ ሳቅ አላለቀም። አስካለማርያምም አብራቸው ትስቃለች። ሆዷ ግን አይስቅም። ክፉውን ቀድማ ካላሰበችው እንደ ሌባ ሳታየው የሚገባ ይመስላታል።

በዛብህ ዕድሜውን የጨረሰው ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ አየር ጤና ሚኒባስ ሲነዳ ነው። የነዳጅ ሰልፍ ሲያንገሸግሸው ሚኒባሱን ሸጠና ይቺን በኤሌክትሪክ የምትሄድ የቻይና መኪና አመጣ፤ በስልክ እየተጠራ ሰው ሊያመላልስባት። ለሰው የሚናገረው ምክንያት ነዳጁን ነው። ሌላውን ምክንያት ለማንም አልተናገረም፤ አስካለማርያም ግን ታውቀዋለች።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በዛብህ ኮርቷል የሚል ወሬ በሰፈሩ ይዞር ነበር። አመሻሽ ላይ ሲገባ ሰው ቆሞ እጁን እያነሳለት ዝም ብሎ ያልፋል ተባለ። አብሮ አደጉን ማርቆስን ሱቁ በር ላይ ፊት ለፊት አግኝቶት ሰላም አላለውም ተባለ። አስካለማርያም ወሬውን ስትሰማ አልተከራከረችም። ባሏ ኩሩ አይደለም። ፀሐይ ዘንበል ስትል ዓይኑም አብሮ ዘንበል እያለ ነው። ቤት ውስጥ የጨው ዕቃውን በጣቱ ዳብሶ ሲያነሳ ታየዋለች፤ አይታም ወደ ሌላ ትዞራለች። መሪ ይዞ ያረጀን ሰው ስለ ዓይኑ መጠየቅ ቄስን ስለ ሃይማኖቱ እንደ መጠየቅ ነው።

የሸጠለት ሰው ይህቺ መኪና ራሷ ታያለች ብሎታል። ፊቷ ሰው ቢገባ ትጮሃለች፤ ሹፌሩ ካልሰማት ራሷ ፍሬን ትይዛለች፤ ከመስመር ወጣ ስትል መሪውን ቀስ አድርጋ ትመልሰዋለች። በዛብህ ይህን ለሚስቱ ሲነግራት በድምፁ ውስጥ የነበረው ደስታ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ደስታ አልነበረም። በሽታህ መድኃኒት አለው የተባለ ሰው ደስታ ነበር። ያንን ስታይ ክፉ መናገር አቃታት።

መኪናዋ ትናገራለችም። በቀጭን የሴት ድምፅ፣ በቻይንኛ። በዛብህ ስም ሲያጣላት «ቻይናዊቷ» አላት። ጎረቤታቸው ምህረት ግን ከዚያ አስበልጣ ጣውንት አለቻት። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል፣ ጣውንትሽ ዛሬ ምን አለች ብላ ትጠይቃለች። አስካለማርያምም፣ እሷስ ከእኔ ትሻላለች፣ ስትጨቀጭቀው እሺ ይላታል ብላ ትመልስላታለች።

መጨቅጨቋስ እውነት ነው። ኮልፌ ላይ መኪና በሰው መሐል ነው የሚሄደው። ሽንኩርት በላስቲክ አንጥፎ የሚሸጠው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነው፤ ባጃጁ በግራም በቀኝም ነው፤ በጎቹ ገና ለበዓል ሳይደርሱ መንገዱን ይዘውታል። ቻይናዊቷ ሁሉንም ታያለች፣ ለሁሉም ትጮሃለች። ጢው፣ ጢው፣ ጢው። በዛብህ ድምፁን እንደ ዘፈን ለመደው። እንዲያውም ሲነዳ እያወራ ወደ ሚስቱ ዞር ማለት ጀመረ፤ ሚኒባስ ሲነዳ አድርጎት የማያውቀውን። አስካለማርያም ግን በእያንዳንዷ ጩኸት አንድ ሰው ሞቶ የተነሳ ያህል ልቧ ይዘላል።

ቤት ገብታም አይለቃትም። ሕልሟ ውስጥ መንገዱ ወንዝ ይሆናል። የኮልፌ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ በውሃው ላይ ይራመዳል፤ ባለ ሽንኩርቷ፣ ማርቆስ፣ ምህረት፣ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች፤ ማንም አይሰምጥም፣ ማንም አይናገርም። ከላይ ከጭጋጉ ውስጥ አንዲት የማትታይ ሴት በማይገባ ቋንቋ አንድ በአንድ ትቆጥራቸዋለች። ቁጥሩ ወደ በዛብህ ሊደርስ ሲል አስካለማርያም ትነቃለች።

አንድ ቀን ባሏን ተከትላ አየር ጤና ገረሱ ጋራዥ ሄደች። ገረሱ ከሚኒባሱ ጊዜ ጀምሮ መካኒካቸው ነው። ጋራዡ በር ላይ ሹፌሮች ቆመው ስለዚሁ ነገር ይከራከሩ ነበር። አንዱ ስልኩን ሲነካካ ከፊቱ የቆመ አይሱዙ ሥር ሊገባ ሲል መኪናዋ ራሷ ቀጥ ብላ አዳነችኝ ብሎ ይምላል። ሌላው ደግሞ የእሱ መኪና የድልድይ ጥላ አይታ ባዶ መንገድ ላይ ድንገት ቆማ፣ ከኋላ የመጣው ገጭቶታል። ገረሱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ መስመር ተከትላ ትሄዳለች ይላሉ፣ እዚህ የተፋቀውን መስመር እኛም አላየነውም ብሎ አሳቃቸው። አስካለማርያም ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና ታዲያ ታድናለች ወይስ አታድንም ብላ ጠየቀችው።

ገረሱ ትንሽ አሰበ። «እትዬ፣ ነቅቶ ለሚነዳ አጋዥ ናት» አላት። «ለሚደገፋት ግን ትራስ ናት።»

ይህ ቃል ከአስካለማርያም ጋር ቤት ድረስ ሄደ። በሳምንቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከደጀ ሰላሙ በር ላይ የእመቤታችንን ሥዕል ገዛች፤ ዝናብ የማይጎዳው፣ ጀርባው የሚለጠፍ። ሚኒባሱም እንዲህ ያለ ሥዕል ነበረው፤ ግንባሩ ላይ፣ ከመሐል፣ የፊት መስታወቱ አናት ላይ። በዚያ ሁሉ ዘመን በዛብህ አንድ ሰው አልነካም። ስለዚህ የት እንደምትለጥፈው ማሰብ አላስፈለጋትም። በዛብህ ፊቱን ሲታጠብ ወጣች፤ የፊቱን መስታወት ከውጭ በኩል ጠረገች፤ ሥዕሉን ልክ እዚያው፣ ፊቷ ወደ መንገዱ እንዲሆን አድርጋ ለጠፈችው። ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከውስጥ በኩል ትንሽ ጥቁር ነገር ነበረች። የኋላ ማያው መስታወት እግር መሰላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዋ ጸጥ አለች።

ጢው ማለቱ ቀረ። በጎቹ መሐል ገቡ፣ ዝም። ባጃጅ ሽው ብሎ አለፈ፣ ዝም። ጠዋት ስትነሳ ብቻ ቻይናዊቷ አንዲት አረፍተ ነገር ትናገራለች፤ ዳሽቦርዱ ላይም አንዲት ቢጫ መብራት በርታ ትውላለች። አስካለማርያም ምን አለች ብላ ስትጠይቅ፣ በዛብህ እንደምን አደራችሁ ነዋ አላት፣ ሳያያት። እሷም አመነች። የምትጮኽ ነገር ዝም ስትል፣ የሚያስጮኻት ነገር የራቀ መስሎ ታያት። እመቤቴ ከፊት ሆና መንገዱን ጠረገችው አለች በልቧ። በዚያ ሌሊት ወንዙ በሕልሟ አልመጣም። እንደ ሕፃን ተኛች።

ክረምቱ በዚህ ዓይነት ሊያልቅ ተቃረበ። በዛብህ በቀን ወጥቶ በቀን ይገባል። ወደ ሚስቱ ዞር ብሎ ማውራት ተወ፤ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ወደፊት አስግጎ ነው የሚነዳው። አስካለማርያም ይህንንም ለደግ ተረጎመችው። ምህረት፣ ጣውንትሽ ምነው ድምፅዋ ጠፋ ስትላት፣ ታርቀናል አለቻት።

ነሐሴ ላይ ራኬብ ወለደች። አራስ ሊጠይቁ አየር ጤና ሄደው ዋሉ። ቀን ለመመለስ አስበው ነበር፤ ግን ገንፎው ቆየ፣ እንግዳው በዛ፣ ሕፃኑ አያቱ ደረት ላይ አንቀላፋ፣ በዛብህም ሕፃኑን ላለመቀስቀስ ብሎ እንደ ሐውልት ተቀመጠ። ከዚያ ዝናቡ ያዛቸው። ዝናቡ ሲያባራ የቀኑ ብርሃን ሊሄድ ጓዙን ጠቅልሎ ነበር። ራኬብ፣ አባዬ እደሩ አለችው። እሱ ቅርብ ነው አላት።

ከዘነበወርቅ ሲደርሱ ዓለሙ ሁሉ ግራጫ ነበር። ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ በቤቶቹ መሐል ተኝቷል። የሱቆቹ መብራት ውሃ ላይ ወድቆ ይርገበገባል። በእርጥቡ አስፋልት ላይ የሚሰማው የጎማው ሹክሹክታ ብቻ ነው። አስካለማርያም ከራኬብ ቤት የሕፃኑን ጠረን ይዛ ወጥታለች፤ ነጠላዋ ላይ አለ። ዓይኗ ከበድ፣ ቀለል፣ ከበድ ይላል። እንዲህ እንደሆነች ከፊታቸው አንድ ነጭ ደመና ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ በእግሩ መሻገር ጀመረ። ሰፊ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ሲራመድ ጠርዙ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። እግር አለው። ቦት ጫማ አድርጓል። ደስ የሚል ሕልም ነው ብላ አሰበች። በሕይወቷ ሙሉ ያልሆነውን እያየች ስትጮህ የኖረች ሴት፣ የሆነውን አይታ አልጮኸችም።

ቻይናዊቷም አልጮኸችም።

በዛብህ ፍሬኑን የረገጠው ደመናው መስታወቱን ሊሞላ ሲል ነው። መኪናዋ ተንሸራተተች። ለስላሳ ነገር ለስላሳ ነገርን ሲነካ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ደመናው ታጥፎ ወደቀ፤ ከሥሩ አንድ ሰው ወጣ። በላስቲክ የተጠቀለለ ስፖንጅ ፍራሽ በጭንቅላቱ ተሸክሞ ሲሻገር የነበረ ሰው ነው። ፍራሹ እስከ ትከሻው ሸፍኖት አላያቸውም፤ መኪናዋ ድምፅ የላትምና አልሰማቸውም። መኪናዋ የነካችው የፍራሹን ጫፍ ነበር። ሰውየው ፍራሹ ላይ ቁጭ ብሎ፣ መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ፍራሹን፣ ቀጥሎ በዛብህን አየ።

«መኪና ነህ ወይስ መንፈስ?» አለው። «ሰው ሲመጣ ኮቴ የለውም?»

በዛብህ ወርዶ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀው፤ ወንድሜ፣ ሐኪም ቤት ልውሰድህ አለው። ሰዉ ተሰበሰበ። ግማሹ በዛብህን ሰደበ፣ ግማሹ መሐል መንገድ ፍራሽ ለብሶ የሚሄደውን ወቀሰ። ሰውየው ተነሥቶ ዘለል ዘለል አለና ምንም አልሆንኩም፣ ይልቅ አሸክሙኝ፣ ሚስቴ መሬት ላይ ሆና እየጠበቀችኝ ነው አለ። ሦስት ሰው ፍራሹን አንሥቶ አሸከመው። ደመናው እንደገና እግር አውጥቶ በጭጋጉ ውስጥ ጠፋ።

በዛብህ መኪናዋን ወደ ዳር አወጣት። ተቀመጡ። ትንሽ ካፊያ መስታወቱ ላይ ይወርዳል። አስካለማርያም በርታ የቀረችውን ቢጫ መብራት አየች።

«ቻይናዊቷ ለምን ዝም አለች?» አለችው።

«አታይማ።»

«ታያለች አላልከኝም ነበር?»

በጣቱ ወደ ላይ አሳያት፤ ያቺን ጥቁር ነገር። «ዓይኗ እዚያ ነው። ከእመቤታችን ጀርባ። ገረሱ ከነገረኝ ቆየ።»

ቃሉ ቀስ ብሎ ነው የገባት፤ ውሃ በጣሪያ ቀዳዳ እንደሚገባው። በገዛ እጇ፣ ጠርጋ፣ ተጠንቅቃ ነው የለጠፈችው። ገረሱ ካየው ለምን አላነሳውም ብላ ጠየቀችው። ገረሱማ እጄን አላሳርፍበትም፣ እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ነገ ሰፈሩ ገረሱ የማርያምን ሥዕል ቀደደ ቢል ማን ያስጥለኛል ብሎ ስቆ ተወው፤ ሚስትህ ታንሳው አለኝ አላት።

«አንተስ?»

«አንቺ ተኛሽ» አለ በዛብህ። «የለጠፍሽው ዕለት ተኛሽ። ከተጋባን እንደዚያ ስትተኚ አላየሁም። ቀን ቀን ብነዳ በራሴ ዓይን እደርሳለሁ፣ አስካል ትተኛ አልኩ።»

«ሰውየውን አይተኸው ነበር?»

«ነጭ ነገር አየሁ» አለ። «ጭጋግ መሰለኝ፣ አስካል።»

ይኸው ነው። ስትጠብቀው የኖረችው ክፉ ነገር መጣ፤ እንዳሰበችው በሩን ሰብሮ አልነበረም፤ እንደ እንግዳ ጫማውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የገባው። አለቀሰች ማለት አይቻልም። እጁን ያዘችው።

ከዚያ ወረደች። በካፊያው ውስጥ ቆማ ሥዕሉን ከጥግ በጥፍሯ ጀመረችው፤ እንዳይቀደድባት እየተነፈሰችበት፣ እያሟሟቀች፣ ቀስ አድርጋ ላጠችው። ተሳለመችው፤ ነጠላዋ ውስጥ ጠቀለለችው። ቢጫው መብራት ጠፋ። ቻይናዊቷ ሌላ፣ አጠር ያለ ነገር ተናገረች።

በዛብህ ፊቱ ላይ የድሮው ደስታ መለስ አለ። አሁን ታያለች፣ ቀስ ብዬ እወስድሻለሁ አላት። አስካለማርያም ያንን ደስታ አየችው፤ እንዴት እንደምትገድለው አሰበች። መኪናዋ ትዋሻለች አላለችም። ያዳነቻቸው ሰዎች እንዳሉ ሰምታለች፤ ራኬብ ብትነዳት ደስ ይላት ነበር። ነገር ግን ይህቺን ደግ ዓይን ተደግፎ ያን ጊዜ ወደ እሷ ዞሮ ሲያወራ የነበረውን ባሏንም ታስታውሳለች፤ ስትታወር ደግሞ አንገቱን አስግጎ ሲነዳ የነበረውንም። ሁለቱም እሱ ነው። ሁለቱም ግን ፍራሹን አያዩትም።

«ለሚያይ ሰው ጨምራ ትይለት» አለችው። «በአንተ ፈንታ ግን አታይልህም። በሚመሽበት ሰዓት አትንዳ፣ በዛብህ።»

«ሰፈሩ ምን ይላል?»

«ኮርቷል ካለህ ቆየ። ዓይኑን አሞት ነው ቢል ይሻልሃል። ሐኪም እናሳየው። ሞራ ከሆነ ይገፈፋል ይላሉ።»

ለክፉ እንጂ ለደግ አፏ የማይፈታ ሴት ይህን ስትል በዛብህ ዞሮ አያት፤ ልክ ያልሰማ ይመስል። ወዲያ ማዶ ዘበኛ ያለው የመኪና ማቆሚያ ነበር። በጣቱ አሳያት፤ እዚያ ድረስ ግን ልንዳት አላት፤ ድምፁ የሚለምን ነበር። እሷም ከፊት ከፊት እየሄድኩ አሳይሃለሁ አለችው።

እንዲህ ሆኖ ተሻገሩ። አስካለማርያም ነጠላዋን ተከናንባ በጭጋጉ ውስጥ ከፊት ትሄዳለች፤ መኪናዋ ከኋላዋ ድምፅ ሳታሰማ ትከተላታለች። ብርሃኗ ጀርባዋ ላይ ያርፋል፤ ጥላዋ ከፊቷ ረዥም ሆኖ እስከ ማቆሚያው በር ይደርሳል። በሩ ላይ ቆም አለች። ከኋላዋ ጢው የሚል ጩኸት መጣ፤ መኪናዋም ራሷ ቀጥ ብላ ቆመች። አስካለማርያም ዞራ አየቻት። ልቧ አልዘለለም። አይታኛለች አለች።

ቁልፉን እሱ ለዘበኛው አደራ ሲሰጥ እሷ ታክሲ አስቆመች። ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር፤ ከኋላ ወንበር ጠጋግተው አስቀመጧቸው። ረዳቱ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስምንት ይላል። በዛብህ ተሳፋሪ ሆኖ መሄድ አይችልበትም። ሚኒባሱ አንድ ሰው አጠገብ ባለፈ ቁጥር፣ መታጠፊያ በመጣ ቁጥር፣ ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። ሹፌሩ ፍሬን ሳይዝ እሱ ይይዛል። አስካለማርያም በጉልበቷ ጉልበቱን ስትነካው እርግጫው ይሰማታል። እሷ ራሷ የፊቱን መስታወት በሰዎች ትከሻ መሐል እያየች ነበር፤ መብራቱን፣ ኩሬውን፣ የሚሻገረውን ሰው ሁሉ።

ወደ ሰፈራቸው ሲቃረቡ እርግጫው እየራቀ፣ እየላላ ሄደ። አንዲት ሴት ከሚኒባሱ ፊት ሮጣ ተሻገረች፤ ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወደፊት ዘመም አለ። የበዛብህ እግር ግን አልተንቀሳቀሰም። ራሱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ ተኝቷል።